ካርታ ማንበብ ከመርሳ መንገድ ይጀመር



እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ ግን ኋላ በራሴ ፈተና የደረሰብኝን አንዱን ላንሳ፤ ይኸውም የጂኦግራፊ ካርታ ንባብ ነው። ቀመሩን በቃሌ ሸምድጄ ነበር፤ ካርታ ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ከባድ ከባዱን ምዕራፍ ሳሳድድ ቀላሉን ነጥብ ጣልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

አንደኛ፣ መስፈርት። 1፡50,000 ሲል በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በመሬት ላይ 50,000 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 500 ሜትር ነው። ከወልድያ መርሳ መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በ1፡50,000 ካርታ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡250,000 ካርታ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ትልቁ መስፈርት የቱ ነው? ብዙዎቻችን ባለ 250,000ውን እንላለን፤ ስሕተት ነው። አንድ ዳቦ ለ25 ሰው ከሚካፈል ለ5 ሰው ቢካፈል ድርሻው እንደሚበልጥ ሁሉ፣ የታችኛው ቁጥር ሲያንስ መስፈርቱ ይተልቃል። ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ በማስመሪያ አይለካም፤ ክር በመንገዱ ላይ አስተኝቶ፣ ኋላ ክሩን ዘርግቶ መለካት ነው።

ሁለተኛ፣ የከፍታ መስመር ወይም ኮንቱር። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። መስመሮቹ ሲቀራረቡ ዳገት ነው፤ ሲራራቁ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ሀብሩ ወረዳ በምዕራብ ተራራ፣ በምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርድ ቆላ ነው። ስለዚህ በምዕራቡ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ሜዳው ላይ ይራራቃሉ።

ሦስተኛ፣ የተዳፋት መጠን። የከፍታው ልዩነት ለአግድም ርቀቱ ይካፈላል። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ሆኖ 11 መስመር ብንቆጥር፣ ከፍታው 200 ሜትር እንጂ 220 አይደለም፤ በ11 መስመር መካከል ያለው ክፍተት 10 ነውና። በ1፡50,000 ካርታ ርቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በመሬት 2,000 ሜትር ነው። 200 ለ2,000 ሲካፈል 1 ለ10 ይሆናል። ሁለቱም በሜትር መሆን አለባቸው፤ እኔ የሳትኩት እዚች ላይ ነው።

ካርታ የለንም የሚል ይኖራል። እሺ፣ ድንጋይ በሳፋ ውስጥ አስቀምጡ። ውሃ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ያህል እየጨመራችሁ፣ ውሃው በደረሰበት ሁሉ ድንጋዩን ዙሪያውን በሚስማር ጫሩት። ውሃውን ደፍታችሁ ከላይ ስታዩት ኮንቱር እሱ ነው!

እኛ እጩ መምህራን ነገ የምናስተምራቸው ሕፃናት ይህን በዓይናቸው ካዩ፣ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ አይሸመድዱም። መምህራኖቻችንም አንድ ቀን ከክፍል አውጥተው በተራራው ፊት ቢያስተምሩን እንለምናለን። እስከዚያው ለዕረፍት ቤት ስንገባ፣ ለፈተና የሚዘጋጅ ታናሽ ያለን ሁሉ ክርና ሳፋ ይዘን አጠገቡ እንቀመጥ።