የአጽሞች ሠራዊት ሁለተኛ ሞት

ለዶክትሬት ትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለሁ፣ ከአንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ አርባ ጥቃቅን የአጽም ወታደሮች ገዛሁ። እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ሰይፍና ጋሻ የያዙ፣ ከመቃብር ተነሥተው የሚዘምቱ መስለው የተቀረጹ የብረት ምስሎች ነበሩ። አንድ በአንድ ቀለም ቀባኋቸውና ኦክ ከተባለው እንጨት በተሠራ አሮጌ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ መሳቢያውን ስከፍት ብዙዎቹ ነጭ ዱቄት ለብሰው አገኘኋቸው። ሻጋታ መስሎኝ እፍ አልኩበት፤ ዱቄቱም በክፍሉ ውስጥ በነነ። የሦስት ዓመት ልጄ ከአጠገቤ ቆማ ነበር።

ዱቄቱ ሻጋታ አልነበረም፤ መርዛማ የሆነ የእርሳስ ውሁድ ነበር። የፊዚክስ ተማሪ ሆኜ ይህን አለማወቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለመሆኑ ብረት በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ እንዴት ወደ ዱቄትነት ይለወጣል? ከሌሎች ምስሎች ይልቅስ አጽሞቹ ለምን ቀድመው ይጠፋሉ?

ሠራዊቱ ከየት መጣ?

ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲታደል ሚኒያቸርስ የተሰኘ የምስሎች ማምረቻ ተቋቋመ፤ በ1983 ደግሞ ዋርሃመር የተባለው የምናብ ዓለም የጦርነት ጨዋታ ለገበያ ቀረበ። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ላይ ሠራዊት አሰልፈው በዳይ ጠጠርና በመስፈሪያ ይዋጋሉ። ከሠራዊቶቹ አንዱ በአስማተኛ ትእዛዝ ከመቃብር የተነሡ ሙታን የሚሰለፉበት ነው። እንደ መንትዮቹ አለንና ማይክል ፔሪ ያሉ ቀራጮች የመጀመሪያውን ቅርጽ በእጃቸው ይሠሩ ነበር፤ ቅጂው የሚወጣው ከዚያ ነው። የ1980ዎቹ ምስሎች በአብዛኛው የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነበሩ። ኩባንያው በ1990ዎቹ እርሳስን ስለተወ፣ የዚያ ዘመን ቅጂዎች ቁጥር ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ሰብሳቢዎች የሚሳሱላቸውም ለዚህ ነው።

እርሳስ ለምን ተመረጠ?

ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ንጹሕ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ሁለቱ ሲቀየጡ ግን የመቅለጫው ሙቀት ይወርዳል፤ 62 ከመቶ ያህል ቆርቆሮ ያለበት ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። በቤተ ሙከራ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን የበየደ ተማሪ ይህን ቅይጥ ያውቀዋል፤ ለረጅም ዘመን የመበየጃው ሽቦ የተሠራው ከእርሱ ነበርና። መቅለጫው ዝቅተኛ በመሆኑ ቅርጽ ማውጫውን ከጎማ መሥራት ይቻላል። ክብ የጎማ ሰሌዳው እየተሽከረከረ ፈሳሹ ብረት በመካከሉ ይፈስበታል። ለምሳሌ ሰሌዳው በደቂቃ 400 ጊዜ ቢዞር፣ ከማእከሉ 10 ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ብረት ከመሬት ስበት 18 እጥፍ ገደማ በሚሆን ፍጥነት-ለውጥ ወደ ዳር ይገፋል። በዚህ ግፊት ብረቱ የጎድን አጥንትንና የጣትን ስንጥቅ ሳይቀር ይሞላል።

ቀለም ቀቢውና ዓይን

25 ሚሊሜትር ቁመት ያለውን ምስል ከአንድ ሜትር ርቀት ማየት፣ 1.75 ሜትር ቁመት ያለውን ሰው ከ70 ሜትር ርቀት እንደ ማየት ነው። ጤነኛ ዓይን ከአንድ ሜትር ላይ መለየት የሚችለው ትንሹ ዝርዝር 0.3 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ያለው ጥላ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ስለዚህ ቀለም ቀቢው ጥላውን ራሱ ይሠራል። በመጀመሪያ ምስሉን የአጥንት ቀለም ይቀባል፤ ቀጥሎ ውኃ የበዛበት ጥቁር ቡናማ ቀለም ያፈስበታል። የገጽ ውጥረት ፈሳሹን ወደ ስርጉዶቹ ይስበዋል፤ ውኃው ሲተን ጥቁረቱ እዚያው ይቀራል። በመጨረሻም ደረቅ ሊባል በሚችል ብሩሽ ከፍ ከፍ ያሉትን ጠርዞች በፈዛዛ ቀለም ያብሳል። አጽም በዚህ ዘዴ ከማንም ይበልጥ ያምራል፤ ሁለመናው ስርጉድና ጠርዝ ነውና። ያ ውበቱ ግን የጥፋቱም መንገድ ነው።

ነጩ ዱቄት

እርሳስ በአየር ውስጥ ሲቆይ ስስ ግራጫ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ይህም ውስጡን ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ኦክን የመሰሉ እንጨቶች፣ አንዳንድ ካርቶኖችና ማጣበቂያዎች የአሴቲክ አሲድ ትነት ያወጣሉ። ይህ በአቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። አሲዱ ሽፋኑን አሟሙቶ የእርሳስ አሲቴት ይፈጥራል፤ አሲቴቱም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እርጥበት ጋር ሲዋሃድ ወደ ቤዚክ የእርሳስ ካርቦኔት ይለወጣል። ክፋቱ፣ በዚህ ጊዜ አሲዱ ተመልሶ ነጻ መውጣቱ ነው፤ ጥቂት ትነት ሥራውን ደጋግሞ ሊሠራ ይችላል። የጥንት ሰዎች እርሳስን በአቼቶ ትነት እያጠኑ ነጭ የሥዕል ቀለም ያመርቱ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ ሳላውቅ መሳቢያዬን የቀለም ፋብሪካ አድርጌው ነበር።

የእርሳስ እፍግታ በሴንቲሜትር ኩብ 11.3 ግራም ሲሆን የካርቦኔቱ 6.8 ገደማ ነው። የተጨመሩትን ካርቦን፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አብረን ስናሰላ ዱቄቱ ከተበላው ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያፈነዳዋል።

አንዳንዶች ይህን «የቆርቆሮ በሽታ» ይሉታል፤ ስሕተት ነው። ያኛው ቆርቆሮ ከ13.2 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ የክሪስታል አደራደሩ ተለውጦ የሚፈራርስበት ክስተት ነው። አሲድ አያስፈልገውም፤ እርሳስ የተቀየጠበት ቆርቆሮ ደግሞ ይቋቋመዋል።

አጽሞች ለምን ይቀድማሉ?

አሲዱ የሚያጠቃው ገጽን ነው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአጽም ክንድና 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የድብልብል ጭራቅ ገላ አሉ እንበል፤ ሁለቱንም እንደ ሲሊንደር እንውሰዳቸው። ዝገቱ ከየገጻቸው 0.1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፣ የክንዱ ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከብረቱም 36 ከመቶ ጠፍቷል። የጭራቁ ገላ ግን 5 ከመቶ ብቻ ያጣል። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አንዱን ይሰብረዋል፤ ሌላውን ይቧጭረዋል።

ምን ማድረግ ይገባል?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው፣ ለሕፃናት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ ነጭ ዱቄት ያየ ሰው እፍ አይበል፤ በደረቅ ብሩሽም አይጥረግ። ጓንት አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ ያንሣው፤ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ ከቤት ያርቀው፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ብረት ሲሞርድም አርጥቦ ይሞርድ። ብሩሹን በከንፈሩ አያሹል። የጸዳውንና የደረቀውን ምስል ቀለምና ቫርኒሽ ቀብቶ በብረት ወይም በፖሊፕሮፒሊን ሣጥን፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር፣ ልጆች በማይደርሱበት ያስቀምጠው። ቀለሙ ለውበት ብቻ ሳይሆን አሲዱን ለማዘግየትም ይጠቅማል፤ ሆኖም የተሳሳተን ማስቀመጫ አያካክስም።

ልጄን በማግስቱ ወደ ሐኪም ወስደን ደሟን አስመረመርን፤ የሚያሳስብ ነገር አልተገኘም። ከአርባዎቹ ወታደሮች ዘጠኙ ሊድኑ አልቻሉም። ሠላሳ አንዱ በቢሮዬ ቁልፍ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። ልጄ አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት የሲሊንደሩን ስሌት ራሷ ሠርታ ካሳየችኝ በኋላ፣ ጓንት አጥልቃ ሰይፉ የተሰበረበትን አንዱን አጽም ቀለም ቀባችው።