የቀድሞ ሽቶና የጥርኝ ዝባድ

አባቶች ጢማቸውን ከተላጩ በኋላ ይቀቡት የነበረውን ሽቶ የሚፈልጉ ሰዎች ዛሬ በልዩ ልዩ አገር አሉ። መሠራቱ የቀረውን ጠርሙስ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝተው ሲከፍቱት፥ መዓዛው ከአሁኑ ሽቶ ይለይባቸዋል። ለዚህ ልዩነት ከምክንያቶቹ አንዱ የኢትዮጵያ ዝባድ ነው።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ጥርኝ በኡጋንዳም ደን ይኖራል፤ ዝባዱን ለንግድ ማውጣት ግን በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ሥራ ነው። በጅማ፥ በኢሉባቦርና በወለጋ ገበሬዎች ወንዱን ጥርኝ በጠባብ የእንጨት ማጎሪያ አስቀምጠው፥ ገንፎና ሥጋ እያበሉ፥ በየጥቂት ቀኑ ቅባቱን በማንኪያ ይፍቃሉ። የተጠራቀመውም በበሬ ቀንድ ታሽጎ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ ኖሯል። ዝባድ በጥሬው የሚከረፋ ሲሆን፥ በአልኮል ሲቀጥን ግን ለሌላው መዓዛ ሙቀትና ዕድሜ ይሰጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 የወጣው የጌርላን ሽቶ ጂኪ በዚሁ ታውቋል።

በ1939 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሊቅ ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 የዝባዱን ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር እንዴት እንደተገነባ ገለጠ፤ በኬሚስትሪ የሚሠራውም ምትክ እያደር ተስፋፋ። ኋላም ስለ እንስሳው ሥቃይ ክስ በረታ፤ ሻኔል በ1998 ቁጥር 5 ከተባለው ሽቶው የተፈጥሮውን ዝባድ አወጣ። ጥርኙ እንዲያርፍ ሲታሰብ የገበሬው ገቢ ግን ጎደለ።

እንግዲህ የድሮውን ሽቶ የሚያመሰግን ሁሉ የጥርኙን እሥራትና የገበሬውን ድካም አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።