«የጉበት ጠባሳ» እና «ሲሮሲስ»፦ ስለ ሆድ ቀዶ ጥገና በሚሰጥ ማስረጃ የቃላት አመራረጥ

የሕክምናን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በሙያው ቋንቋ የተለያዩ ሁለት ነገሮች በአማርኛ በአንድ ቃል መጠራታቸው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ስለ ጉበት ሕመም የሚነገሩ ጥቂት ቃላትን ይመረምራል፤ ምሳሌውንም ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅና ከአምባሰል አካባቢ ይወስዳል።

«የጉበት ጠባሳ» በሚለው ስም የሚጠሩት ሕመሞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲሮሲስ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1819 ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ ሲሆን፣ መነሻው የቀለም መጠሪያ የሆነ የግሪክ ቃል ነው፤ ስለዚህ ቃል በቃል ቢተረጎም ስለ ሕመሙ ጠባይ የሚያስረዳው የለም። በሲሮሲስ ጊዜ ጠባሳው መላውን ጉበት ያዳርሳል፤ ሥራውንም ያደክማል። ሁለተኛው የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚያስከትለው ነው። ይህ በሽታ በሐይቅ ከተማ መኖሩ በተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል። የትሉ ዕንቁላሎች ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ዙሪያ ጠባሳ ያበጃሉ፤ ደሙ መተላለፊያ አጥቶ ይታቆራል፤ ጣፊያም ያብጣል። የጉበቱ ሕዋሳት ግን በአብዛኛው ሥራቸውን አያቋርጡም።

የልዩነቱ ክብደት የሚታወቀው ሆድ በቀዶ ጥገና የሚከፈትበት ጊዜ ሲመጣ ነው። ደም የሚያረጉትን አብዛኞቹን ፕሮቲኖች የሚሠራው፣ ብዙዎቹንም መድኃኒቶች የሚያጣራው ጉበት ነው። ስለሆነም የሲሮሲስ ሕመምተኛ ደሙ አልቆም ሊል፣ ከማደንዘዣው ዘግይቶ ሊነቃ፣ በሆዱ የተቋጠረው ውሃ በስፌቱ ሊፈስና ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። ቢልሃርዝያ ብቻ ያለበት ሰው፣ ከታቆሩት ደም ሥሮች የመድማት ሥጋት ቢኖርበትም፣ ጉበቱ እስካልደከመ ድረስ ቀዶ ጥገናውን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል።

የሲሮሲስ ክብደት የሚለካው በቻይልድና በፒው መመዘኛ ነው። እዚህ ላይ «ቻይልድ» የአሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ስም እንጂ «ሕፃን» ማለት እንዳልሆነ ተርጓሚው ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1997 በአሜሪካ በታተሙ ጥናቶች መሠረት ከሆድ ቀዶ ጥገና በኋላ የሞቱት፣ በኤ ደረጃ ካሉት ከ100 ሰዎች 10 ያህል፣ በቢ 30 ያህል፣ በሲ ደግሞ ከ76 እስከ 82 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ ጥናቶች ያነሰ ቁጥር ያሳያሉ፤ በአስቸኳይ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ግን ምንጊዜም የከፋ ነው።

ይህን ቁጥር በአማርኛ መግለጽም ጥንቃቄ ይሻል። «የመሞት ዕድል» ማለት ለጆሮ ይጎረብጣል፤ «ዕድል» ይበልጡን ለመልካም ነገር ይነገራልና። «አደጋ» በበኩሉ ድንገት የሚደርስን ነገር ያሳስባል። በመሆኑም «ሥጋት» ብሎ፣ ቀጥሎ «ከ100 ሰዎች 30ው» ብሎ መዘርዘር ይመረጣል።

ሐኪም ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ቢጽፍም፣ ከሐይቅ ወይም ከአምባሰል ደሴ ድረስ ለመጣ ሕመምተኛና ለቤተ ዘመዱ የሚያስረዳው በአማርኛ ነው፤ የፈቃድ ፊርማ የሚሰጠውም በዚሁ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ሐይቅ» ራሱ በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለት ሲሆን በአማርኛ ውሃው ሆኗል፤ ከዚህ ሽግግር ማንም አልተጎዳም። የጉበቱ ቃላት መቀላቀል ግን ሰው ያላወቀውን ነገር እንዲፈቅድ፣ ወይም ሊያድነው የሚችለውን ፈርቶ እንዲተው ያደርጋል።

ስለዚህ የሚከተለው አጠቃቀም ይቀርባል፦

ሲሮሲስ፦ መላው ጉበት በጠባሳ ተይዞ ሥራው የሚደክምበት ሕመም። ቃሉ እንዳለ ይወሰድ።
የቢልሃርዝያ የጉበት ጠባሳ፦ በደም ሥሩ ዙሪያ የሚወሰን ጠባሳ። «የቢልሃርዝያ» የሚለው ቅጽል አይጣል።
የጉበት ጠባሳ፦ የሁለቱ የወል ስም፤ ብቻውን የሕመም መጠሪያ አይሁን።
የወፍ በሽታ፦ የዓይን ቢጫ መሆንን የሚያመለክት የሕዝብ ቃል፤ ምልክትን እንጂ መንስኤን አይገልጽም።