ዮሳቤት፤ የዳዊትን ዘር ያተረፈች አክስት

የሣራን፥ የርብቃን፥ የሩትንና የአስቴርን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። የዮሳቤትን ስም ግን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ስሟ የተጻፈው በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ ምዕራፍ 11 እና በዜና መዋዕል ካልእ ምዕራፍ 22 ሲሆን፥ በሁለቱም ስፍራ ታሪኳ ከአንድ ቍጥር አያልፍም። ከአፏም የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈልንም። ሆኖም ይህች ሴት በአንድ ቀን የፈጸመችው ሥራ ባይኖር ኖሮ የዳዊት ቤት በዚያው ቀን በጠፋ ነበር። ስለዚህ ታሪኳን ለቤተ ሰብ ሁሉ ልናቀርብ ወደድን።

ዮሳቤት በይሁዳ የነገሠው የኢዮራም ልጅ፥ ከርሱም በኋላ የነገሠው የአካዝያስ እኅት ነበረች። ዘመኑ ከጌታ ልደት በፊት 9ኛው መቶ ዓመት ነው። ስሟ በዕብራይስጥ «እግዚአብሔር መሐላ ነው» ማለት ነው። ያደገችበት ቤት የንጉሥ ቤት ይሁን እንጂ የሰላም ቤት አልነበረም። አባቷ ኢዮራም መንግሥቱን ባጸና ጊዜ ስድስት ወንድሞቹን በሰይፍ ገደለ። በኋላም ፍልስጥኤማውያንና ዐረቦች ዘምተው ከታናሹ ልጁ በቀር ወንዶች ልጆቹን ማርከው ወሰዱበት። ያ የቀረው ልጅ አካዝያስ ነበር፤ እርሱም አንድ ዓመት ብቻ ነግሦ በኢዩ እጅ ሞተ፤ ከዘመዶቹም 42 ሰዎች በዚያው ሰሞን ተገደሉ። እንዲህ እያለ የዳዊት ዘር እየሳሳ ሄዶ ነበር።

የአካዝያስ እናት ጎቶልያ የአክዓብ ልጅ ነበረች። ልጇ መሞቱን ባየች ጊዜ የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ማሳደግ ሲገባት፥ ራሷ ለመንገሥ ስትል የንጉሥን ዘር ሁሉ ለማጥፋት ተነሣች። ከሚገደሉት መካከል ኢዮአስ የሚባል ገና አንድ ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ነበር። አያቱ ሞት ስትፈርድበት አክስቱ ዮሳቤት ከወንድሞቹ መካከል ሰርቃ ወሰደችው፤ ከሞግዚቱም ጋራ በመኝታ ቤት ሸሸገችው።

የዮሳቤት ባል ካህኑ ዮዳሄ ነበር። ስለዚህ ሕፃኑ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ተሸሽጎ ስድስት ዓመት ኖረ። ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን የስድስት ዓመት ጊዜ በችኰላ አንለፈው። ሕፃን ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ልጅ በሌሊት ያለቅሳል፤ እግሩ ሲጸና ወደ ደጅ ይሮጣል፤ አንደበቱ ሲፈታ አባቴ ማን ነው፥ ለምንስ ከቤት አልወጣም ብሎ ይጠይቃል። በአገሩ ላይ የነገሠችው ደግሞ ያች አያት ነበረች። አንድ ሰው ምስጢሩን ቢያወጣ ኖሮ ሕፃኑም ያሳደጉትም ባልዳኑ ነበር። ሕፃኑን ሰርቆ ለማውጣት የአንድ ቀን ድፍረት ይበቃል፤ ደብቆ ለማሳደግ ግን የየቀኑ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለዚህም ስሟ ያልተጻፈው ሞግዚት ምስጋና ይገባታል።

በ7ኛው ዓመት ዮዳሄ የመቶ አለቆችን ጠርቶ አማላቸው፤ በቤተ መቅደስ ተቀምጦ የነበረውንም የዳዊትን ጦርና ጋሻ ሰጣቸው። ሕፃኑንም አውጥተው ዘውድ ጫኑለት፤ ሕዝቡም እልል አለ። ጎቶልያ ድምፁን ሰምታ መጣች፤ ከቤተ መቅደስም ውጭ ተገደለች። ኢዮአስ በ7 ዓመቱ ነገሠ። ዮዳሄ በሕይወት ሳለም በቅን መንገድ ሄደ፤ ክዳኑ በተነደለ ሣጥን ገንዘብ አሰባስቦ የተጐዳውን ቤተ መቅደስ አሳደሰ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስታችን ፍጹም በሆነ ነበር። ነገር ግን ዮዳሄ በ130 ዓመቱ ዐርፎ ከነገሥታት ጋራ ከተቀበረ በኋላ፥ ንጉሡ የመኳንንቱን ምክር ሰምቶ ወደ ጣዖት አዘነበለ። የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ስለ ገሠጸ፥ በንጉሡ ትእዛዝ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ኢዮአስ በሕፃንነቱ ከሞት በተሸሸገበት ቅጥር ውስጥ ያሳደገውን ሰው ልጅ አስገደለ። ዓመቱም ሲያልፍ ከሶርያውያን ጋራ በተደረገው ጦርነት ቈስሎ ተኝቶ ሳለ፥ ስለ ፈሰሰው ደም ሎሌዎቹ ተማክረው በአልጋው ላይ ገደሉት። ዜና መዋዕል እንደሚነግረን በነገሥታት መቃብር አልተቀበረም። ካህኑ ከነገሥታት ጋራ ሲያርፍ ንጉሡ ከነገሥታት መቃብር ውጭ ቀረ።

ታዲያ የዮሳቤት ድካም ከንቱ ሆነ እንበልን? አይደለም። ዮሳቤት ሕፃኑን ያነሣችው ወደ ፊት ደግ ንጉሥ ይሆናል ብላ ዋስ አግኝታ አልነበረም። ሰይፍ የተመዘዘበት የወንድሟ ልጅ ነበርና አነሣችው። ካደገ በኋላ ያደረገው ክፋት በርሱ ይቈጠራል እንጂ በርሷ አይቈጠርም።

ሥራዋም ከኢዮአስ ጋራ አልተቀበረም። ልጁ አሜስያስ በነገሠ ጊዜ የአባቱን ገዳዮች በሞት ቀጣ፤ ልጆቻቸውን ግን ስለ አባቶች ኀጢአት ልጆች አይገደሉ የሚለውን የሙሴን ሕግ ጠብቆ አልነካቸውም። ጎቶልያ ያልበደሉ ሕፃናትን ባጠፋችበት ቤት፥ የበደለኞች ልጆች እንኳ በሕይወት ተዉ። ከዚህም ሐረግ ዖዝያን፥ ሕዝቅያስና ኢዮስያስ ተወለዱ። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ መጽሐፍ ሲጽፍ ከኢዮራም ወደ ዖዝያን ይሻገራል፤ አካዝያስን፥ ኢዮአስንና አሜስያስን በስም አይጠራም። ሐረጉ ግን በነርሱ በኩል ካላለፈ ወደ ዖዝያን አይደርስም፤ በኢዮአስ በኩል የሚያልፈውም ዮሳቤት ስላተረፈችው ነው።

በየቤታችን የሞተ ወንድሟን ወይም እኅቷን ልጅ የምታሳድግ አክስት አትጠፋም። ልጁ ሲያድግ ውለታዋን ያስታውስ ይሆናል፤ ይረሳም ይሆናል። እርሷ ግን የሚገባትን አድርጋለች። እኛም ዛሬ በቤታችን ያለውን የዘመድ ልጅ ስንመለከት፥ ምን ይከፍለን ይሆን ከማለት ይልቅ ዛሬ ምን ያስፈልገዋል ብለን እንጠይቅ።