«ፈገግ በይ ይሉኛል… በምን አንጀቴ?»

ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የታክሲው ሰልፍ እንደ እባብ ተጠማዟል። ከሰልፈኞቹ መካከል አንዲት የ24 ዓመት ወጣት አንዴ በቀኝ እግሯ፣ አንዴ በግራ እግሯ እየተደገፈች ቆማለች። ቆማ ውላ ቆማ ማምሸቷ ነው። ፒያሳ ውስጥ፣ በርካታ ቅርንጫፎች ባሉት አንድ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት። የእሷም የመደብሩም ስም እንዳይነሳ አደራ ብላናለች። «እንጀራዬ ነዋ!» ትላለች።

ለመሆኑ ከካሽ ሬጂስተሩ ጀርባ ያለችው ልጅ በወር ስንት እንደምታገኝ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እንደ አብዛኞቻችን መልስ ቆጥራችሁ ውልቅ ነው?

«በ4 ሺህ ብር ነው የተቀጠርኩት። ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ሳንቲም አልጨመሩልኝም። ጧት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እወጣለሁ። ምሳ አንድ ሰዓት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ‹ደንበኛ ሲመጣ ፈገግ በይ› ይለኛል። በምን አንጀቴ ልፈግግ?»

ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቦቿ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። «ድሮ ከቤት ሥራ ቦታ በእግሬ 5 ደቂቃ ነበር። ዛሬ ታክሲ በታክሲ እየቀያየርኩ ቤት ስገባ 4 ሰዓት ይሆናል። እማዬ እራቴን ከድና ትጠብቀኛለች። እኔ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የመደርደሪያውን የዋጋ ወረቀት በገዛ እጇ ስንቴ እንደቀየረች አታስታውሰውም። የራሷ ዋጋ ግን ያው ነው።

ያስለቀሳት ግን ይሄ አይደለም። «ባለፈው ጥቅምት ሒሳብ ሲዘጋ 1 ሺህ 900 ብር ጎደለ አሉኝ። የት ሄደ? እኔ እንጃ! በአንድ ጊዜ ከደመወዜ ቆረጡት። ‹ካልተስማማሽ ተያዥሽን እንጠራለን› አሉኝ። ተያዤ ደግሞ አጎቴ ነው። እሱ ፊት ከማፍር ብዬ ዝም አልኩ።»

እዚያው አካባቢ ጫማ ቤት የሚሠራ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ደመወዙን የሚቀበለው ከባለቤቱ ኪስ ነው። «ፔሮል ላይ ስሜ ይኑር አይኑር አላውቅም። ባለፈው ታይፎይድ ይዞኝ 6 ቀን ተኛሁ። የ6 ቀኑን ቀነሱብኝ» ይላል።

ባለ ሱቆቹም የሚሉት አላቸው። አንድ አሠሪ ምሬታቸው ከሠራተኞቹ አይተናነስም። «ኪራዩ አለ፣ ግብሩ አለ። ልጁን አሠልጥኜ ሥራ ሲለምድ 300 ብር ወዳስበለጠለት ሱቅ ይሄዳል።» እውነታቸውን ነው። ግን ጋሼ፣ በ300 ብር ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ያህል ቢቸግረው ነው?

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ እናምጣ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው ይላል። የኛ ልጅ ምሳዋ ተቀንሶ በቀን 11 ሰዓት ትሠራለች። በሳምንት 6 ቀን ስለምትገባ 18 ሰዓት ትርፍ ሆነ ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ክፍያውስ? 4 ሺህ ብር በወር 208 መደበኛ ሰዓት ሲካፈል አንዱ ሰዓት 19 ብር ከ23 ሳንቲም ነው። ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሥራ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 28 ብር ከ85 ይመጣል። በአራት ሳምንት 72 ሰዓት ነው። አባዙት፤ 2 ሺህ 77 ብር! የደመወዟ ግማሽና ከዚያም በላይ በየወሩ ሳትቀበለው ይቀራል። በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

«ጉድለት»ስ? ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የ4 ሺህ ሲሦ 1 ሺህ 333 ነው። 1 ሺህ 900 እንግዲህ ከየት መጣ?

ጫማ ቤት ያለው ልጅም ይስማ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ታሞ ሐኪም ካረጋገጠለት የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ ነው። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዝ 120 ቀን ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የተቆረጠው መግባቱን የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሥራ ግብሩም በ2017 ዓ.ም ተሻሽሎ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ነጻ ሆኗል። ስለዚህ ከ4 ሺህ የሚቆረጠው ግብር 300 ብር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከቆረጡባችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። «4 ሺህ አነሰ» ብሎ መክሰስ አይቻልም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ቢልም፣ 2017 ዓ.ም እስኪያልቅ ለግል ድርጅት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልተቆረጠም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን በመስከረም 2018 ዓ.ም ከ4 ሺህ 760 ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ሠራተኛ የቀረው መደራደር ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይፈቀዳል። አንዷን ብቻዋን ቢያስፈራሩ፣ ሃያውን በአንዴ ማስፈራራት ይከብዳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል! ሲቀጥሯችሁ ደብዳቤ ጠይቁ። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። መጀመሪያ ረጋ ብላችሁ ሥራ አስኪያጁን አነጋግሩ። ካልሆነ የሥራና ክህሎት ቢሮ አለ፤ ከዚያም የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። አቤት በማለታችሁ ማባረርም በሕግ የተከለከለ ነው። ቢያባርሯችሁ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከሱት በ3 ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል።

ይህን ስንነግራት ልጅቷ ጣቶቿን አጥፋ መቁጠር ጀመረች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቼ የ6 ወሩን ብቻ?»

የ6 ወሩን ብቻ።

ታክሲው መጣ። ልትገባ ስትል ዞር አለችና፣ «ነገ ጧት ደብተር እገዛለሁ» አለችን።