በሕይወት በመመለሱ የተወቀሰው ሠዓሊ

ወታደር ከጦር ሜዳ በሕይወት ሲመለስ ጎረቤቱ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይለዋል። ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚዙኪ ግን ከሞት ተርፎ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ የጠበቀው የአለቆቹ ቁጣ ነበር። ጓዶችህ ሁሉ ሞተው አንተ ለምን ተረፍክ ተባለ።

ማንጋ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ልጆቻችን ዓይናቸውን የሚተክሉበት የካርቱን ግርግር ነው። እኔ ግን ስለ ማንጋ ሠዓሊዎች ካነበብኩት ሁሉ የዚህን ሰው ያህል የያዘኝ የለም።

ሚዙኪ በ1922 ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ያደገው ሳካይሚናቶ በምትባል የወደብ ከተማ ሲሆን፣ ኖኖንባ የሚሏት አንዲት አሮጊት ስለ ዮካይ እያወራችለት ነው። ዮካይ እኛ ጭራቅና ጋኔን ከምንላቸው ጋር ይቀራረባል። አንዳንዱ ያስፈራል፣ አንዳንዱ ያስቃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዛሬ ፓፑዋ ኒው ጊኒ በምትባለው አገር ወደ ራባውል ዘመተ። የተመደበበት ትንሽ ጓድ ሲደመሰስ እሱ አመለጠ። ብዙም ሳይቆይ ወባ ጣለው፤ ተኝቶ ሲታከም ደግሞ የአውሮፕላን ቦምብ ግራ ክንዱን አሳጣው። በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ያስጠጉት የአካባቢው ተወላጆች ቶላዮች ናቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ «እዚሁ ቅር፣ መሬት እንሰጥሃለን» አሉት። እሱም ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ጠበቀ።

አገሩ ሲገባ ታዲያ አንድ እጅ ላለው ሰው ሥራ ከየት ይምጣ? ኮቤ ከተማ ውስጥ ክፍሎች ያከራይ ነበር፤ «ሚዙኪ» የሚለው የብዕር ስሙም የመጣው ከዚያ ቤት ነው። ተራኪዎች በየመንገዱ ለልጆች እያሳዩ የሚተርኩባቸውን ሥዕሎችም ሣለ። ያ ገበያ ሲደክም ወደ ቶኪዮ ሄዶ ለኪራይ የሚታተሙ የማንጋ መጻሕፍት መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው መጽሐፉ ሲወጣ 35 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ትዳር ሲይዝም ድህነቱ አለቀቀውም።

በ1965 ኮዳንሻ የተባለው አሳታሚ ለልጆች ማንጋ የሚሰጠውን ሽልማት ሲያገኝ 43 ዓመቱ ነው። በ1968 ከመቃብር የተወለደው አንድ ዓይናው ልጅ ኪታሮ በቴሌቪዥን ቀረበ፤ የጃፓን ልጆች ያንን የአሮጊቷን ዓለም ከእሱ ተማሩ።

ስም ካገኘ በኋላ ወደ ቁስሉ ተመለሰ። በ1973 ባወጣው የጦርነት ማንጋ ውስጥ አንድ ጦር ራሱን ለሞት አሳልፎ እንዲሰጥ ይታዘዛል። የተወሰኑት ይተርፋሉ። ችግሩ መሞታቸው ለበላይ ሪፖርት ተደርጓል! ስለዚህ ሪፖርቱ እውነት እንዲሆን እንደገና ሄደው እንዲሞቱ ይገደዳሉ። ሚዙኪ ከመጽሐፉ ዘጠኝ አሥረኛው እውነት መሆኑን ተናግሯል። እኔ የሚገርመኝ እነዚያን ወታደሮች ጀግና ለማስመሰል አለመሞከሩ ነው። ይራባሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሙዝ ያምራቸዋል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሰው ሆነው እንዲታወሱ ነው የፈለገው።

ስለ ኑሮም የራሱ ፍልስፍና ነበረው። ኦሳሙ ቴዙካና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ እንቅልፍ አጥተው በመሥራት የታወቁ ታላላቅ ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ሁለቱም በ60 ዓመታቸው አረፉ። ሚዙኪ ግን እንቅልፉን ለማንም አልሸጠም። በ2007 ስለ ኖኖንባ የሣለው መጽሐፍ በፈረንሳይ አንጉሌም የምርጥ አልበም ሽልማት ሲያገኝ 84 ዓመቱ ነበር። ከ90 ዓመቱም በኋላ ይሥል ነበር፤ ያረፈው በ2015 በ93 ዓመቱ ነው።

ዛሬ ሳካይሚናቶ ውስጥ በስሙ በተሰየመው መንገድ ግራና ቀኝ ከ100 በላይ የነሐስ ዮካዮች ቆመዋል። አለቆቹ ለምን ተረፍክ ያሉት ሰው 70 ዓመት ኖሮ መልሱን በአንድ እጁ ሣለው።