ቁልፍ የማይፈቀድበት ሞገድ

በሪያድ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው መንፉሐ ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያውያን መሰባሰቢያ ሆኖ የኖረ ሠፈር ነው። ነዋሪውን ከሀገር ቤት ጋር የሚያገናኘው ስልኩ ነው፤ የደመወዝ፣ የሐዋላ፣ የኢቃማና የሕመም ወሬ ሁሉ በእርሱ ያልፋል። እነዚህም ለሌላ ጆሮ የሚሰጡ ጉዳዮች አይደሉም።

ይህ መስመር ግን ሁልጊዜ የታመነ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት የሳዑዲ ቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ የብላክቤሪን የተመሰጠረ የመልእክት አገልግሎት ለማገድ ተነሣ፤ በ2005 ዓ.ም. ቫይበርን ዘጋ። የኢንተርኔት ጥሪ የተፈቀደው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ያለ ኢንተርኔት ባሕር የሚሻገረው አማተር ሬዲዮ እያለ፣ መልእክትን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ በእርሱ መላክ ስለምን አይቻልም?

መልሱ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 ተጽፏል። ቀድሞ ግንኙነቱ በግልጽ ቋንቋ እንዲሆን ያዝዝ የነበረው ይህ አንቀጽ በ1995 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ በልዩ ልዩ ሀገሮች ባሉ የአማተር ጣቢያዎች መካከል የሚደረግ ስርጭት ትርጉሙን ለመሰወር ተብሎ እንዳይመሰጠር ይከለክላል። ከዚህ ነፃ የሆነው ከምድር ወደ አማተር ሳተላይት የሚላክ የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ደንቡ የሚጠላው ኮድን አይደለም። ሞርስም ኮድ ነው፤ ዛሬ በኮምፒውተር የሚላኩት ዲጂታል ዘዴዎችም ለጆሮ ጩኸት ብቻ ናቸው። ሆኖም ስልታቸው ታትሞ የወጣ ስለሆነ የፈለገ ሁሉ ሊፈታቸው ይችላል። የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማም መልእክቱን እስካልሸሸገ ድረስ ከክልከላው ዓላማ ጋር አይጋጭም። ጥፋቱ ቁልፉን ለሁለት ሰዎች ብቻ ማስቀረት ነው።

ምክንያቱም አለው። የአማተር ሞገድ የጋራ ነው፤ ያለ ገንዘብ ጥቅም ለመማሪያና ለሙከራ የተሰጠ ነው። የተቆለፈ መልእክት ንግድ ይሁን ወዳጅነት ማን ይለያል? በአሜሪካ በ2005 ዓ.ም. በአደጋ ጊዜ የሕሙማን መረጃ እንዲመሰጠር ይፈቀድ የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከወራት በኋላ አልተቀበለውም። የጠያቂው ሥጋት ግን ከንቱ አልነበረም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የደብዳቤና የስልክ ምስጢርን ያስከብራል። አማተር ሬዲዮ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚገባበት ሰው እንደሚሰማ አውቆ ይገባል። በሳዑዲም ሆነ በኢትዮጵያ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ያሻል። ለሦስተኛ ወገን ዓለም አቀፍ መልእክት ማድረስም ለአስቸኳይ ጊዜና ለአደጋ ርዳታ ብቻ የተተወ ነው። ስለዚህ የመንፉሐ ነዋሪ የቤተሰቡን ምስጢር የሚያኖርበት ስፍራ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጥረው ዋትስአፕና መሰሎቹ እንጂ ሬዲዮ አይደለም።

ጥቅምት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. መንፉሐ በግጭት ታመሰች። በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመለሱ። ለእንዲህ ያለው ቀን እንኳ አንቀጽ 25 ሬዲዮውን ይከፍታል እንጂ መልእክቱን አይሸፍንም፤ ኢቃማ የሌለው ሰው ስሙና የተጠለለበት ቤት በሞገድ ላይ ከተነበበ፣ ወገኑም አሳዳጁም እኩል ይሰሙታል።